ናይሮቢ ሽቅብ ስትቀዳ፣ ሁርሊንግሃም ቁልቁል ሲቆፍር

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናይሮቢ ኖሮ ሁርሊንግሃምን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። በአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ግራና ቀኝ ክትፎና ቡና የሚሸትባቸው ቤቶች አሉ። ከንጎንግ መንገድ የሚገነጠል በምኒልክ ስም የተሰየመ መንገድም ሩቅ አይደለም። ከእነዚህ ቤቶች በአንዷ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገብቼ በየዓይነቱ ሳዝ አስተናጋጇ አንገቷን ደፍታ «እንጀራ የለም፤ ፓስታ ላምጣልህ?» አለችኝ። የሐበሻ ምግብ ቤት እንጀራ ሲያጣ ምክንያቱ ጤፍ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብለው ገላገሉኝ።

«ጤፍስ ሞልቷል። ያጣሁት ውኃ ነው። የከተማው ውኃ ሐሙስ ይመጣል ተብሎ ቀረ። ሮቶው ውስጥ ያለው የጉድጓድ ነው። በሱ ካቦካሁት ሊጡ ሦስት ቀን ቢቀመጥም በደንብ አይኮመጥጥም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ዓይን የሌለው እንጀራ ከማቀርብ ፓስታ ብሸጥ ይሻለኛል ልጄ።»

ሴትዮዋ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ «የሕንፃው ባለቤት ጋዜጣ ያነባል» ብለው ሳቁ። ስለ ሊጡ የተናገሩት ግን ልማድ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ የተቀመጠችበት እሳተ ገሞራ ወለድ ዐለት ከሥሩ የሚሰጠው ውኃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የሚበዛበት ነው፤ ባይካርቦኔት ደግሞ የእርሾን ኮምጣጣነት ይገድላል። በጉዳዩ ውስጥ ያስገባኝ ይኸው ያልኮመጠጠ ሊጥ ነው። በባለአሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች የታጠረ፣ ኪራዩ የሚያስደነግጥ ሰፈር የቧንቧ ውኃ አጥቶ ጉድጓድ የሚጠጣው ለምንድን ነው?

ለአዲስ አበባ አንባቢ ፈረቃ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የናይሮቢ ውኃና ፍሳሽ ኩባንያ ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውኃ እንደሚያገኝ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ያወጣል። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሲወጣ ምክንያቱ ድርቅ ነበር። ዝናቡ ተመለሰ፤ ሠንጠረዡ ግን አልቀረም። ሴትዮዋ ስለ ሠንጠረዡ ሲጠየቁ ይቆጣሉ፦ «ወረቀቱ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ይላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲንፏቀቅ ይመጣል፤ ቆሜ ካልጠበቅኩት ለጎረቤት ነው። እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ ወይስ ዘበኛ?»

የከተማዋን የውኃ ታሪክ ማገላበጥ ስጀምር ለማቆም ተቸገርኩ። ናይሮቢ በ1899 የተቆረቆረችው የሞምባሳ–ኡጋንዳ ባቡር ወደ ስምጥ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት እንዲያርፍባት ነው። ያኔ ማንም አራት ሚሊዮን ሰው አላሰበም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለከተማዋ የተጠለፈው የኪኩዩ ምንጭ እስከ ዛሬ ይፈሳል፤ በቀን የሚሰጠው አምስት ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ቀጥሎ ወደ ሰሜን ተሂዶ በ1950 ገደማ የሩይሩ ግድብ ተሠራ። በ1953 ደግሞ ከኪቤራ ሰፈር ሥር ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ተብሎ የናይሮቢ ግድብ ተገነባ። ዛሬ ይህ ግድብ የፍሳሽ መጣያ ነው፤ ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭ እዚያም ነግሦበታል።

ቀጥሎ የመጣው የሳሱሙዋ ግድብ ላይ ትንሽ ልቁም። ግድቡ ያለው በአበርዴር ተራሮች ነው። በ1956 ሲጠናቀቅ እነዚያ ደኖች የማው ማው ታጋዮች ምሽግ ነበሩ፤ መሪያቸው ዴዳን ኪማቲ የተያዘውም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ቅኝ ገዥው በአንድ ተራራ ላይ በአንድ እጁ ሰው እያደነ በሌላው ለዋና ከተማው ውኃ ያቁር ነበር ማለት ነው። የዚያን ጊዜው የሁርሊንግሃም ነጭ ነዋሪ በጓሮው ሣር ላይ ያርከፈከፈው ውኃ ከየት እንደመጣ ይወቅ አይወቅ እንጃ። የሰፈሩ ዋና መንገድ ስም የተቀየረው በኋላ ነው፤ ጠበቃና ሚኒስትር የነበረው አርግዊንግስ ኮዴክ በጃንዋሪ 1969 በመኪና አደጋ የሞተው እዚያው መንገድ ላይ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ነው። በሙራንጋ የሚገኘው የንዳካይኒ ግድብ በ1994 ተጠናቀቀ፤ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ውኃው አብዛኛውን መንገድ ያለ ፓምፕ ቁልቁል ይወርዳል። ከናይሮቢ ውኃ ከመቶ 80 በላይ የሚመጣው ከዚህ ከአንድ ቦታ ነው። እንግዲህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ1989 ቆጠራ ናይሮቢ 1.3 ሚሊዮን ሰው ነበራት። በ2019 ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ሆነች። በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ከንዳካይኒ ሌላ አንድም ትልቅ አዲስ ምንጭ አልተጨመረም። እንዲያውም በ2003 ጎርፍ የሳሱሙዋን ማስተንፈሻ ሰብሮ ከነበረውም ቀነሰ።

ዕቅድ ጠፍቶ አይደለም። የ1948ቱ የቅኝ ግዛት መዲና ማስተር ፕላን ነበረ። የ1973ቱ የዕድገት ስልት እስከ 2000 ያለውን ተንብዮ ነበር። በ2012 የተጠናቀቀው የውኃ ማስተር ፕላን ደግሞ እስከ 2035 ድረስ ምን መቼ እንደሚሠራ በምዕራፍ ከፋፍሎ አስቀምጧል። ናይሮቢን የሚከዳት የቀን መቁጠሪያው ነው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚደርሰው ያዘዘው ሕዝብ በእጥፍ ከጨመረ በኋላ ነው።

የማስተር ፕላኑ የመጀመሪያ ፍሬ «ሰሜናዊው ሰብሳቢ» የሚባለው የመሬት ውስጥ ዋሻ ነው። 11.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የማራጓ፣ የጊኪጌና የኢራቲ ወንዞችን ውኃ ጠልፎ ወደ ንዳካይኒ ይወስዳል፤ በቀን 140 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲጨምር ታስቦ በዓለም ባንክ ብድር ተሠራ። የሚወስደው የክረምት ትርፍ ጎርፍ ብቻ ነው ተብሏል። ሙራንጋዎች ይህን አላመኑም። በ2016 የተቃዋሚው መሪ ራይላ ኦዲንጋ ዋሻው አገሩን በረሃ ያደርገዋል ብለው ሲነሡ መንግሥት ፖለቲካ ነው ብሎ አጣጣለው። የወቅቱ የሙራንጋ ገዥ ምዋንጊ ዋ ኢሪያም ከውኃው ገቢ ለአውራጃቸው ድርሻ ይገባል እያሉ ሲሟገቱ ከረሙ። ስለ ፖለቲካው ብዙ የሚባል አለ፤ ለእኔ ግን የገበሬው ጥያቄ ቀላልና ትክክል ነው። ደኑን አትቁረጥ፣ ወንዙ ዳር አትረስ ይሉታል፤ ቧንቧው በማሳው ሥር ያልፋል፤ እሱ ግን ጄሪካን ተሸክሞ ወንዝ ይወርዳል።

ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ የሚሰጥ አንድ ሥራ አለ። በ2015 የተቋቋመው የላይኛው ታና–ናይሮቢ የውኃ ፈንድ ከታች ካሉት ተጠቃሚዎች ገንዘብ ሰብስቦ ከላይ ላሉት ገበሬዎች እርከን፣ የዝሆን ሣርና የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ እንዲሠሩ ያግዛል። ሂሳቡ ግልጽ ነው። ማሳው ላይ የቀረ አፈር ግድቡ ውስጥ ደለል አይሆንም፤ ማጣሪያውም ለድፍርስ ውኃ ተጨማሪ ኬሚካል አይፈልግም። የፈንዱ ጠንሳሾች ባወጡት ጥናት መሠረት 10 ሚሊዮን ዶላር ቢወጣ በሠላሳ ዓመት ከ21 ሚሊዮን በላይ ይመልሳል። ወሎና ትግራይ ውስጥ እርከን ሲሠራ ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ከተማው መክፈሉ ነው።

ወደ ከተማው ልመለስ። ናይሮቢ ለዓመታት ከግድቦቿና ከምንጯ የምታገኘው በቀን 525 ሺህ ሜትር ኩብ አካባቢ ነበር፤ ፍላጎቷ ከ800 ሺህ በላይ ነው። ይህን ክፍተት ሁሉም ይጠቅሰዋል። የሚቀጥለውን ቁጥር ግን በለሆሳስ ነው የሚናገሩት። ወደ መረቡ ከሚገባው ውኃ ከመቶ 40 እስከ 50 የሚሆነው ሂሳብ ሳይከፈልበት ይጠፋል፦ አሮጌ ቧንቧ ያፈሰዋል፣ ሌባ ይጠልፈዋል፣ የዛገ ቆጣሪ ሳይቆጥረው ያልፋል። በዝቅተኛው በ40 ብናሰላው እንኳ በቀን 210 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ዓመታት የፈጀው፣ ሙራንጋን ያስቆጣው፣ ብድር የተበደሩለት ዋሻ ተሳክቶለት በሙሉ አቅሙ ቢሠራ የሚያመጣው 140 ሺህ ነው። ለዋሻ ፕሬዚዳንት መጥቶ ሪባን ይቆርጣል፤ ለቆጣሪ ቅየራ ማን ይመጣል?

ከተማው ሽቅብ ወደ ተራራ ሲያይ ሁርሊንግሃም ቁልቁል መቆፈር ጀመረ። ሰፈሩና ጎረቤቱ ኪሊማኒ አንድ ቤተሰብ በሰፊ ግቢ የሚኖርባቸው ነበሩ። የአንድ ቪላ ግቢ ላይ ዛሬ ስልሳና ሰማንያ አፓርታማ ይቆማል፤ የግንባታ ፈቃዱን የሚሰጠው አንድ ቢሮ፣ ውኃውን የሚያቀርበው ሌላ ኩባንያ፣ የጉድጓድ ፈቃዱን የሚሰጠው ሦስተኛ መሥሪያ ቤት ነው። አልሚው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ያስቆፍራል፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ ይደረድራል፣ ማስታወቂያው ላይ «ሃያ አራት ሰዓት ውኃ» ብሎ ይጽፋል።

ሴትዮዋ ይህን በራሳቸው መንገድ ነገሩኝ። «እኔ ስመጣ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር ነበር የሚኖረው፤ የአቮካዶ ዛፍ ነበረው። አሁን አሥራ ሁለት ፎቅ ነው። ባለፈው ዓመት ፓምፑ አየር ብቻ መሳብ ጀመረ። ቆፋሪዎች መጡና ‹ጎረቤታችሁ ከእናንተ ጠልቆ ቆፍሯል፣ እናንተም ጥለቁ› አሉ። ጥልቀቱን ሰፈሩ በሙሉ ይፎካከርበታል። መጨረሻው የት ነው? እሳት እስኪወጣ?»

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የናይሮቢ ከርሰ ምድር ውኃ ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል ተብሎ የታወጀው በ1950ዎቹ ነው፤ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ግን የጉድጓዶቹ ቁጥር ከሁለት ሺህ አልፎ ነበር፣ የውኃው ወለልም ለአሥርተ ዓመታት ሲወርድ ኖሯል። በላዩ ላይ ፍሎራይድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከናይሮቢ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ ያልፋሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን ጥርስ ያየ ሰው ፍሎራይድ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሴትዮዋ ለሚጠጣው የታሸገ ይገዛሉ፤ ለሊጡ ግን የቦቴ ውኃ። ቦቴው ከየት እንደቀዳ ሾፌሩ አይነግራቸውም። «ጠይቄው ‹ከእግዚአብሔር› አለኝ» አሉ።

ጉዳዩ የሚመለከተው አንድ ኃላፊ ዘንድ ሁለት ጥያቄ ይዤ ሄጄ ነበር። ሁርሊንግሃምና ኪሊማኒ ከመሬት ሥር በቀን ስንት ይስባሉ? እስከ 2035 የሚዘልቀው ዕቅድ ይህን ይቆጥራል ወይ? ቡና አስቀረቡልኝ፣ ስለ አዲስ አበባ አየር ጠየቁኝ፣ ከዚያም «በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ። በስልክ ሳስታውሳቸው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ደግሜ ስደውል ስልኩ አልተነሳም።

ስለ መዘዙ ቦታው ባይፈቅድም በአጭሩ ልበል። ቦቴና ጉድጓድ የሚገዛው ያለው ነው። የሌለው በጄሪካን ይገዛል፤ በቧንቧ ከሚከፍለው ሰው በሊትር ብዙ እጥፍ ይከፍላል። በ2015 ማታሬ በተባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ 20 ሊትር በግማሽ ሽልንግ የሚሸጡ ባለካርድ ማሽኖች ሲተከሉ ይህን ለማስተካከል ታስቦ ነበር፤ ቧንቧው ሲደርቅ ግን ማሽኑም ይደርቃል። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንጹሕና በቂ ውኃ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው ይላል። በኤፕሪልና ሜይ 2024 ያው ማታሬ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ያ ሁሉ የዝናብ ውኃ ሳይጠራቀም በወንዙ ወደ አቲ ወረደ።

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። በ2022 የተጠናቀቀው የካሪሜኑ ግድብ በቀን 70 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታቀደ ነው፤ አብዛኛው ግን ለሩይሩና ለጁጃ ከተሞች ነው፣ ለናይሮቢ የተመደበው 23 ሺህ ብቻ። በዕቅዱ ወረፋ ላይ ያሉት ሁለተኛው የሩይሩ ግድብ፣ የማራጓ ግድብ፣ የዋሻው ሁለተኛ ምዕራፍና የንዳሩጉ ግድብ ናቸው። ከእነዚህ ቀድሞ የሚነሳው ሁለተኛው ሩይሩ ነው፤ ጊቱንጉሪ ላይ ያሉት ባለመሬቶች ግን ስለ ካሳቸው ሲከራከሩ ቆይተዋል።