ሁሉን ይዞ አንዱን ያጣ ጌታ

እስቲ አረፍ በሉና ስለ ስትራድ ላጫውታችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ታውቁታላችሁ፤ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አንዱ ሲተርክ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት ነው። ትሬሲ ሂክማን የሚባል አሜሪካዊ ይህንኑ ሲጫወት አንድ ዋሻ ውስጥ ቫምፓየር ይገጥመዋል። ደም መጣጩ እዚያ ምን እንደሚሠራ፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር የለም። ነገሩ ከነከነው። ከባለቤቱ ከሎራ ጋር ሆኖ ስትራድ የተባለ፣ ታሪክ ያለው ቫምፓየር ፈጠረ፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1983 «ሬቨንሎፍት» ተብሎ ታተመ።

ስትራድ ዕድሜውን በጦርነት ጨርሶ ባሮቪያ የተባለችውን አገር የያዘ መስፍን ነው። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ታቲያና የምትባል ልጅ ያጫል። ስትራድም በፍቅሯ ይነደፋል፤ እሷ ግን የምታየው እንደ ታላቅ ወንድም ነው። የጠፋው ወጣትነት እንዲመለስለት ከሞት ጋር ይዋዋልና በሠርጉ ዕለት ወንድሙን ይገድላል። ታቲያና ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ላይ ራሷን ወረወረች። ከዚያም ጉም መጥቶ አገሪቱን ከነገዢዋ ከዓለም ነጥሎ ዋጣት።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቅጣቱ ነው። ዘላለማዊ ዕድሜ አለው፣ ተኩላና የሌሊት ወፍ ይታዘዙለታል፣ ምድሪቱ የእሱ ናት። በየዘመኑ ደግሞ የታቲያና ነፍስ በሌላ ልጅ አካል እየተመለሰች ትወለድለታለች። ያገኛታል፤ የእኔ ሆነች ሲል ያጣታል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው! እንዲህ የፈረዱበትን «ጨለማ ኃይላት» ይሏቸዋል። ምን እንደሆኑ አይነገርም፤ ባይነገር ይሻላል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሬቨንሎፍት ሰፋና ብዙ የጉም አገሮች፣ ለየአገሩም አንድ እስረኛ ጌታ ኖረው። ከእነዚህ ጌቶች አንዱ ቭላድ ድራኮቭ ጦርነት የሚያመልክ ጨካኝ ነው፤ ጎረቤቱን ዳርኮንን በወረረ ቁጥር የሞቱት እየተነሱ ይመልሱታል።

የዳርኮን ጌታ አዛሊን ግን ልቤን ይነካዋል። በአስማት ከሞት ያመለጠ፣ አጥንቱ የቀረ ንጉሥ ነው። በቀድሞ አገሩ የገዛ ልጁ ኢሪክ የተፈረደባቸውን ሰዎች ሊያስመልጥ ሲል ተይዞ፣ አባቱ ሕግ ሕግ ነው ብሎ ገደለው። ለአስማት ዕውቀት የኖረው ይህ ሰው ጉሙ ከያዘው ወዲህ አንድም አዲስ አስማት መማር አይችልም። ሊገባው ጥቂት ይቀረዋል፤ ከዚያ ይጠፋበታል። ለማያልቅ ዕድሜ መጽሐፍ ፊት ቁጭ ማለትን አስቡት!

ለተጫዋቾች ይህ ሁሉ ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ከርስ ኦቭ ስትራድ» በተባለው የጨዋታ መጽሐፍ ስትራድ ቢገደልም ከወራት በኋላ ይነሳል። ስለዚህ በሰይፍ ኃይል ብቻ የመጣ ተጫዋች የእሱን ጥማት ካላወቀ ብዙ አይራመድም። ጥማቱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው መንደር በራፍ ላይ ይጠብቃል። አይሪና የምትባል ልጅ የአባቷ ሬሳ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ቤት ተዘግቶባት ትገኛለች፤ አንገቷ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ወንድሟ እህቴን ከዚህ አውጡልኝ ብሎ ይለምናል። እሺ ብለው ይዘዋት ሲወጡ፣ ማንን ይዘው እንደወጡ ከተራኪው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷም ብትሆን።