«ድልድል» እና «ምደባ»፦ የአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥ መመሪያ ስለሚጠይቃቸው ሁለት ቃላት

በኢንተርኔት የተያያዙ መሣሪያዎች የሚተዋወቁት አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው። ቀደም ሲል የተዘረጋው አራተኛው ሥሪት የአድራሻውን ርዝመት በ32 ቢት ስለ ወሰነው፣ ሊገኝ የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ከዓለም አቀፉ ማእከል ለየክፍለ ዓለሙ መዝጋቢዎች የሚታደለው የዚህ ሥሪት ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ የተደነገገው ስድስተኛው ሥሪት ግን ርዝመቱ 128 ቢት ነው።

የቁጥሩ መብዛት የአሰጣጥ መመሪያን አስፈላጊነት አላስቀረም። የእስያና ፓስፊክ፣ የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ መዝጋቢዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የጋራ መመሪያ አወጡ። መቀመጫው በሞሪሸስ የሆነውና ኢትዮጵያን የሚያጠቃልለው የአፍሪካ መዝጋቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ዕውቅና አገኘ። በ2006 ደግሞ አምስቱም መዝጋቢዎች እኩል ሰፊ ክፍል ተቀበሉ።

ለተርጓሚ አስቸጋሪ የሚሆነው መመሪያው ሁለት የተለያዩ ተግባራትን መለየቱ ነው። አንደኛው፣ አድራሻውን መልሶ ለሌሎች ለሚያከፋፍል አካል መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ ለራሱ መረብ ብቻ ለሚገለገልበት ተጠቃሚ መስጠት ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «ምደባ» ብንላቸው፣ «የተመደበለት ድርጅት መልሶ ሊመድብ ይችላል» እና «የተመደበለት ድርጅት መልሶ ሊመድብ አይችልም» የሚሉ ተፃራሪ አንቀጾች በአንድ ሰነድ ውስጥ ይገናኛሉ። አንባቢው መብቱንም ግዴታውንም ሊለይ አይችልም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «ድልድል»፣ ለሁለተኛው «ምደባ» የሚሉት ቃላት ቢወሰኑ ይሻላል። መደልደል አንድን ሙሉ ነገር በየድርሻው ማከፋፈልን ያመለክታል፤ «የበጀት ድልድል» ሲባል ድርሻውን የተቀበለው ክፍል በሥሩ ላሉት መልሶ እንደሚያካፍል ይታወቃል። መመደብ ግን አንድን ሰው ወይም ነገር ለተወሰነ ቦታና ተግባር መለየት ነው። «የመሬት ድልድል» ድርሻውን በቀጥታ ለአራሹ ያደርስ ነበርና ልዩነቱ በተራው ንግግር ሁልጊዜ አይጠበቅም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሆኖም ሙያዊ ቃል የሚጸናው በብያኔው ነው፤ ብያኔው ከቃሉ ጠባይ ጋር እስካልተጣላ ድረስ ትርጓሜውን ማጥበብ የተለመደ ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። በመመሪያው መሠረት አድራሻ ለመገልገያ የሚሰጥ እንጂ እንደ ርስት የሚያዝ ንብረት አይደለም፤ ስለሆነም ተቀባዩን «ባለቤት» ከማለት «ባለይዞታ» ማለት ይመረጣል። እንዲሁም የአድራሻውን የመጀመሪያ ቢቶች «ቅድመ ቅጥያ» ማለት ያሳስታል። ቅጥያ ከግንድ ላይ የሚታከል ሲሆን፣ እነዚህ ቢቶች ግን የቁጥሩ የራሱ አካል ናቸው። «መነሻ ክፍል» ቢባል ይበቃል።

የቀረቡት ብያኔዎች የሚከተሉት ናቸው።

ድልድል፦ መልሶ ለሚያከፋፍል አካል የአድራሻ ክፍል መስጠት። ለምሳሌ፣ 32 ቢት መነሻ ያለው ድልድል ባለ 48 ቢት መነሻ ለሆኑ 65,536 ምደባዎች ይበቃል።

ምደባ፦ ለተወሰነ ተጠቃሚ፣ ለራሱ መረብ መገልገያ የአድራሻ ክፍል መስጠት።

ለአንድ ተጠቃሚ የሚገባው መጠን ከጊዜ ወደ ጊዜ ይሻሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሁሉም በአንድ ልክ እንዲሆን የቀረበው ምክር በ2011 ተለውጧል። መጠኑ ቢለዋወጥም የሁለቱ ተግባራት ልዩነት ጸንቶ ይኖራልና፣ ቃላቱ ከወዲሁ ቢለዩ ተርጓሚውንም ውል ፈራሚውንም ከስሕተት ያድናሉ።