ማደንዘዣ ሰጪውን መምረጥ

አንድ ሰው ቀዶ ሕክምና በታዘዘለት ጊዜ «ቀዶ ሐኪሙ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከራስጌው ሳይለይ ትንፋሹን፣ የልብ ትርታውንና የደም ግፊቱን የሚጠብቅለትን ማደንዘዣ ሰጪ ግን ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ይተኛል። ለመሆኑ በሽተኛ ይህን ባለሙያ ሊመርጥ ይችላልን?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ፣ በቦስቶን ከተማ የኤተርን አደንዛዥነት በይፋ ካሳየ ወዲህ ማደንዘዝ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በአገራችን ይህን አገልግሎት በአብዛኛው የሚሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ብዙ ባለሙያዎች ባሉበት ትልቅ ከተማ፣ ቀኑ አስቀድሞ ለተቆረጠ ቀዶ ሕክምና፣ በሽተኛው «እገሌ ያደንዝዘኝ» ብሎ ቢጠይቅ ሊሳካለት ይችላል። እንደ ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎና ሞያሌ ባሉ የደቡብ ቆላ ከተሞች ግን ባለሙያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚያደንዝዘው ተረኛው ነው። ምጥ የጠናባት እናት ከሩቅ መንደር በሌሊት ብትመጣ፣ ባለሙያ እናማርጥ ማለት ሁለት ነፍስ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ይህ ሲባል ግን በሽተኛው ከቶ ምርጫ የለውም ማለት አይደለም። ጊዜ በሚፈቅድበት ሁሉ ማደንዘዣ ሰጪውን አስቀድሞ ማነጋገር ይችላል። ሙሉ በሙሉ እንደሚተኛ ወይም ከወገቡ በታች ብቻ እንደሚደነዝዝ፣ ምን አደጋ እንዳለውም መጠየቅ መብቱ ነው። ማብራሪያውም በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ ሊነገረው ይገባል።

በዚህ ንግግር ውስጥ በሽተኛውም ግዴታ አለበት። በቆላው አገር ወተት የዘወትር ቀለብ ነው። አንድ አርብቶ አደር ጠዋት የግመል ወተት ጠጥቶ «ምንም አልበላሁም» ቢል የዋሸ አይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ወተት በሕክምና እንደ ምግብ ስለሚቆጠር፣ ከማደንዘዣ በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት ሊቆይ ይገባል። አለበለዚያ ወተቱ ከሆድ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባና ሊገድል ይችላል። ስለ አስም፣ ስለ ጫት፣ ስለሚወሰድ መድኃኒትና ቀድሞ ስለተደረገ ቀዶ ሕክምናም እውነቱን መናገር ያሻል።

እንግዲህ ሰውየውን ለመምረጥ ባትችሉ እንኳ መጠየቅንና እውነት መናገርን ልትመርጡ ትችላላችሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለውም ለዚህ ነው።

መልመጃ
1. ወተት የጠጣው አርብቶ አደር «ምንም አልበላሁም» ማለቱ ለምን አደገኛ ይሆናል?
2. ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ማደንዘዣ ሰጪውን ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በአንድ አንቀጽ ጻፉ።