አራት ዘይት ከአንድ አበባ

ይላንግ ይላንግ የጊሽጣ ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን፣ ለሽቶ በስፋት የሚለማው ግን በኮሞሮስ ደሴቶችና በማዳጋስካሯ ኖሲ ቤ ነው። ከተተወ ከ15 ሜትር በላይ ይመዘዛል። ለቃሚዎች እንዲደርሱበት ጫፉን እየቆረጡ በሰው ቁመት ያቆዩታል።

ለጋው አበባ አረንጓዴ ነው፤ ሽታውም ደካማ። የሚለቀመው ቢጫ ሆኖ ሥሩ ላይ ቀላ ያለ ነጥብ ሲያወጣ፣ ያውም ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። የተጨፈለቀ አበባ ቶሎ ስለሚጠቁር በዚያው ቀን ማንጠሪያ ውስጥ ይገባል። ከ100 ኪሎ አበባ 2 ኪሎ ገደማ ዘይት ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ነው። አንጣሪው የሚወጣውን ዘይት ሁሉ በአንድ ዕቃ አያጠራቅምም። በየተራ ይቀዳዋል፦ መጀመሪያ «ኤክስትራ»፣ ቀጥሎ «አንደኛ» እና «ሁለተኛ»፣ በመጨረሻ «ሦስተኛ»። ይህን የሰማ ገዢ ነገሩን እንደ ቡናው አቦል፣ ቶናና በረካ ይወስደዋል፤ ሦስተኛው የቀጠነ እጣቢ ይመስለዋል። ፈጽሞ አይደለም! እንደ ቤንዚል አሲቴትና ሊናሎል ያሉት የዘይቱ ውህዶች ቶሎ የሚተኑ ናቸውና ቀድመው ይወጣሉ፤ የኤክስትራው ጣፋጭና ደማቅ ሽታ የእነሱ ነው። ካሪዮፊሊንና ጀርማክሪን ዲ ግን ከባዶች ስለሆኑ ብዙ ሰዓት ያስጠብቃሉ። ስለዚህ ሦስተኛው የተበረዘ ኤክስትራ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ዘይት ነው። ሁለቱን በየወረቀቱ ጠብ አድርጌ ሳሸታቸው ኤክስትራው ወዲያው አፍንጫዬን ያዘው፤ ሦስተኛው ለዘብ ብሎ እንጨት እንጨት አለኝ። ወደድኩት።

ኤርነስት ቦ በ1921 እ.ኤ.አ. የቀመመው ሻኔል ቁጥር 5 የተባለ ሽቶ ውስጥ ይላንግ ይላንግ አለ። ሦስተኛው ደግሞ በብዛት ለሳሙና ይውላል። ሳይከፋፈል እስከ መጨረሻው የሚጠራቀም «ሙሉ» የሚባል ዘይትም አለ።

ንጹሕ ዘይቱን ሳያቀጥኑ ቆዳቸው ላይ የሚቀቡ ሰዎች ያናድዱኛል። ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል፤ በሌላ ዘይት ይቅጠን።

ማንጠሩ 20 ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። በኮሞሮስ ብዙዎቹ ማንጠሪያዎች የሚነዱት በእንጨት ነው፤ ይህም ለደን መመናመን አንዱ ምክንያት ሆኗል። ከማገዶውም ብዙው የሚያልቀው በዋጋ ዝቅተኛውን ሦስተኛ ዘይት በመጠበቅ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን «ርካሽ» ብሎ ከመናቅ በፊት ለእሱ የነደደውን እንጨት መቁጠር ይገባል።