ለዋልካ መሬት የምትገጠም ትንሽ መኪና

በሪሞት የምትነዳ የውድድር መኪና አሻንጉሊት የምትመስለው መጠኗን ላየ ብቻ ነው። የትልቋ መኪና አንድ አሥረኛ የሆነችው፣ በውድድር ሜዳ በብዛት የምትታየው ዓይነት፣ ዲፍረንሻል፣ ሞላ፣ ዘይት ያለው አሞርዛተር፣ በየጎማዋም ኩሽኔታ አላት። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ፖርሽ 934ን በኤሌክትሪክ የምትሮጥ፣ ገዢው ራሱ የሚገጥማት አድርጎ ሸጠ። በ1985 ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ዴል ማር ላይ የአቧራ ሜዳ መኪኖች ለዓለም ሻምፒዮንነት ተወዳደሩ።

ከአንድ ዓይነት ካርቶን የወጡ ሁለት መኪኖች አንዷ ቀጥ ብላ ስትሮጥ ሌላዋ ትገለበጣለች። ልዩነቱን የሚያመጣው አገጣጠሙ ነው፤ አገጣጠሙን የሚወስነው ደግሞ መሬቱ። ከሱዳኗ ገዳሪፍ በዶካ በኩል እስከ ገላባትና መተማ ያለው የማሽላና የሰሊጥ አገር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የዚችን መኪና ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ሆዷ ከፍ ይላል፣ ሞላዋ ይለሰልሳል። አንዱ ጎማ ስንጥቅ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ወደሱ ይሄድና በከንቱ ይሽከረከራል፤ ዲፍረንሻሉ ውስጥ ወፈር ያለ ዘይት ከተደረገ ግን መሬት የረገጠውም ጎማ ድርሻውን ያገኛል። ጀማሪ ገንዘቡን ፈጣን ሞተር ላይ ያፈሳል። እኔ ግን ጎማና ዘይት አስቀድም እላለሁ።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። በሚያዝያ ገዳሪፍ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የአሞርዛተር ዘይት ይቀጥናል፣ መኪናዋም እየነጠረች ታስቸግራለች። መፍትሔው ወፈር ያለ ዘይት ነው። ሞተሩ እንዳይግል ፒኞኑን፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ያለውን ትንሽ ጥርሳም ጎማ፣ በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ማሳነስ ነው፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሞተር ግን ይተርፋል። ሊቲየም ባትሪ ፀሐይ ላይ አይተውም፤ እንደጋለም ቻርጅ አይደረግም። ያበጠ ከሆነ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ዳግም አይሞከርም።

በነዳጅ የምትሠራዋ ደግሞ የካርቡራተር ጉዳይ አላት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ገዳሪፍ 600 ሜትር ገደማ ላይ። ላይ የተስተካከለች ሞተር ወደ ታች ስትወርድ አየሩ ጥቅጥቅ ይልባታል፤ ሙቀቱ ትንሽ ቢያሳሳውም ከአዲስ አበባው አየር አይቀጥንም። ነዳጁ ካልተጨመረላት ትግልና ፒስተኗን ትበላለች። የነዳጁን መርፌ በጥቂቱ ፈታ ማድረግ ነው። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅም ዘይት ይቀባል፤ የዋልካ አቧራ ደቃቅ ነውና።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ርጥብ ዋልካ ጎማው ላይ ይጣበቃል፣ የጎማውን እሾህ ደፍኖ ያለሰልሰዋል፣ ከታች ገብቶም ጥርሶቹን ያንቃል። ያኔ ከዋልካው ጋር አልታገልም፤ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ እፈልጋለሁ፣ አጭር እሾህ ያለው ጎማ እገጥማለሁ፣ ሆዷንም ዝቅ አደርጋለሁ።