ላሜራው ብቻ ቢወፍር

ትንሽ የእንፋሎት ቦይለር ሊያሠራ የሚመጣ ደንበኛ፣ ለሆቴል ላውንደሪም ይሁን ለሳሙና ማምረቻ፣ አስቀድሞ የሚለኝ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ኢንጂነር፣ ላሜራው ይወፍርልኝ። በብረት አልሰስትም።» መፍራቱ ትክክል ነው። መድኃኒቱን የሚፈልገው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ዲያሜትሩ 800 ሚሊ ሜትር፣ የሥራ ግፊቱ 7 ባር የሆነ ቦይለር እንውሰድ። ተገቢውን የቦይለር ብረት ከተጠቀምን፣ ብየዳው በራጅ ባይታይ እንኳ፣ ሲሊንደሩ በሂሳብ የሚያስፈልገው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለር ኮድ ደግሞ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ላሜራ አይፈቅድም። ስለዚህ ደንበኛዬ 10 ይሁን ሲለኝ፣ ከመነሻው እጥፍ በሆነው ላይ ሌላ እየጨመረ ነው።

አደጋው ያለው ጫፎቹ ላይ ነው። በየብየዳ ቤቱ የተለመደው ያንኑ ላሜራ ክብ ቆርጦ ግራና ቀኝ መድፈን ነው። 7 ባር በዚያ ክብ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ወደ 36 ቶን ይጠጋል። ጠፍጣፋ ላሜራ ይህን የሚሸከመው እየጎበጠ ነው፤ ግፊቱ ሲነሳ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ሲወርድ ይመለሳል፣ እጥፋቱም የሚበረታው ብየዳው ጥግ ላይ ነው። ድጋፍ የሌለውን ጠፍጣፋ ክዳን በኮዱ ቀመር ስናሰላው፣ እንደ አበያየዱ ዓይነት፣ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ይመጣል። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውጭ ለጎበጠ ክዳን ግን የሲሊንደሩ ውፍረት ይበቃዋል። ግፊቱ አንድ፣ ብረቱ አንድ፤ ቅርጹ ብቻ ተለወጠ። ደንበኛው ለወፍራም ላሜራ የመደበውን ገንዘብ ለተጎበጠ ክዳን ቢያወጣው በእውነት ይጠበቃል።

«የጭስ ቱቦ ያላቸው ቦይለሮችስ ፊታቸው ጠፍጣፋ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አለ። ነው፤ ግን ቱቦዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ፊቶች አስተሳስረው ይይዟቸዋል። ከቱቦዎቹ በላይ፣ እንፋሎቱ በሚጠራቀምበት ክፍል፣ የሚይዝ ቱቦ የለም፤ እዚያ ማሰሪያ ዘንግ መግባት አለበት። ከውጭ የመጣ ቦይለር ዙሪያውን ተለክቶ ሲቀዳ የሚቀረው ይኸው ዘንግ ነው፤ ከውጭ አይታይማ።

የማይታይ ነገር የሰው ሕይወት አስከፍሏል። መጋቢት 20 ቀን 1905 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በማሳቹሴትስ፣ ብሮክተን ከተማ፣ የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሕንፃው ተደርምሶ በእሳት ተያያዘ፤ 58 ሰዎች ሞቱ። ለፍንዳታው ምክንያት የሆነው ስንጥቅ ሁለት ላሜራዎች ተደራርበው በሪቬት በተያያዙበት መጋጠሚያ ውስጥ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነበር። ማሳቹሴትስ በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣች፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም በ1911 ኮሚቴ አቋቁሞ የ1914 እትም የተባለውን የመጀመሪያ ኮድ አዘጋጀ። ሲሊንደሩን አደራርቦ በአንድ ወገን ብቻ የሚበይድ ባለሙያ ሲያጋጥመኝ የምነግረው ይህንን ነው። ጠርዞቹ ተሞርደው ፊት ለፊት ይግጠሙ፤ ብየዳው እስከ ሥሩ ይግባ፤ ከተቻለም ከውስጥ ይደገም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ፍተሻው ነው። ቦይለሩ እንዳለቀ ኮምፕረሰር ቀጥለው በሳሙና አረፋ የሚፈትሹ አሉ። ኮዱ የሚያዘው በውሃ፣ ለ7 ባር ቦይለር እስከ 10.5 ባር ድረስ ነው። ውሃ ሲጨመቅ የሚያጠራቅመው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ፣ ብየዳው ቢለቅ ይፈስና ጌጁ ወዲያው ይወርዳል። የታመቀ አየር ግን ክዳኑን ይዞ ይወጣል። እርግጥ በውሃ ሲፈተሽም መጀመሪያ ውስጡ ያለው አየር በላይኛው ቀዳዳ እስኪያልቅ መውጣት አለበት። ሥራ ላይ ያለ ቦይለር ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ በ7 ባር ያለው ውሃ 170 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ቦይለሩ ድንገት ቢቀደድ ከስምንት አንድ እጁ ወዲያው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ መጠኑም ከ1,500 ጊዜ በላይ ያብጣል። ሰው የሚገድለው ይህ ነው።

ለዚህ የመጨረሻው መከላከያ ሴፍቲ ቫልቭ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥርሱ ስፋት እየተለካ ከመደብር ይገዛል። «ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ስጠኝ» ይባላል። መጠየቅ የሚገባው በሰዓት ስንት ኪሎ እንፋሎት ያስወጣል ነው። ማቃጠያው በሙሉ ኃይሉ ሲነድ የሚመነጨውን ሁሉ ማስወጣት ካልቻለ፣ ቫልቩ ተከፍቶ እየጮኸም ግፊቱ መጨመሩን ይቀጥላል። በቦይለሩና በቫልቩ መካከል ምንም መዝጊያ አይገባም፤ ለጥገና ይመቻል ተብሎም አይገባም። ቫልቩ ሲያንጠባጥብ ስፕሪንጉን አጥብቆ ዝም የሚያሰኝ ኦፕሬተር አለ። አልፈርድበትም፤ ያንጠባጠበበትን ምክንያት ያስረዳው የለም፣ መለዋወጫም አልተሰጠውም። ስለዚህ ርክክብ ላይ ከባለቤቱ ይልቅ ከኦፕሬተሩ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ እቀመጣለሁ፤ የውሃ መመልከቻ መስታወቱን አጥቦ ደረጃው ሲመለስ በዓይኑ እንዲያይ፣ ውሃው ከመስታወቱ ከጠፋም እሳቱን አጥፍቶ እንዲርቅ፣ በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማስገባት ከቶ እንዳይሞክር አሳየዋለሁ።