አልነሣ ያለ ኮምፒዩተርና በውስጡ ያለው የሒሳብ መዝገብ

ቀድሞ የነጋዴ ሒሳብ በወፍራም መዝገብ እየተጻፈ በካዝና ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን የዕቃው ቆጠራ፥ የደንበኞቹ ዕዳና ከውጭ አገር ነጋዴዎች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ በብዙ መደብሮች ዘንድ የሚገኘው በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ማለዳ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፥ ባለመደብሩ ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ ለመዝገቡ ይጨነቃል። ሆኖም መሣሪያውና መዝገቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቀ ሰው አይቸኩልም። መዝገቡ የተጻፈው ዲስክ በሚባለው ክፍል ላይ ስለ ሆነ፥ ሌላው ክፍል ቢበላሽ እንኳ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ እንዳለ ይቈያል፤ ዲስኩም ተነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ሊነበብ ይችላል። በምስጢር ቍልፍ የተዘጋ ከሆነ ግን ቍልፉ መገኘት አለበት።

ምርመራው በቅደም ተከተል ሊደረግ ይገባል።

አንደኛ፤ ኮምፒዩተሩ መብራትም ሆነ የማራገቢያ ድምፅ ከሌለው፥ ጉድለቱ በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ በሌላ መብራት ይፈተን፤ ገመዱ ከኋላ በኩል ጠበቅ ተደርጎ ይሰካ፤ በፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው ማብሪያ አለመዘጋቱም ይታይ። በአንዳንድ የቈዩ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አለ። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ስለ ሆነ መምረጫው 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ ሳለ ቢሰካ ይቃጠላል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ማንም ሰው እንዳይከፍተው፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቀራልና።

ሁለተኛ፤ ማራገቢያው እየዞረ በስክሪኑ ላይ ምንም ካልታየ፥ አስቀድሞ የስክሪኑ ገመድ ይታይ። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ጡሩምባ የመሰለ አጭር ድምፅ የሚያሰማ እንደ ሆነ ቍጥሩ ይመዝገብ፤ ለባለሙያው ምልክት ይሆነዋል። ራም የሚባለው የማስታወሻ ክፍል ከቦታው ሲላላ ወይም አቧራ ሲገባበት እንዲህ ያለ ችግር ይደርሳል። ገመዱ ተነቅሎ፥ የሳጥኑ ብረት በእጅ ተነክቶ፥ ራሙ ወጥቶና ተጠርጎ ቀጭ እስኪል ድረስ ቢመለስ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

ሦስተኛ፤ ጽሑፍ ታይቶ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚናገር ከሆነ፥ ተረስቶ የተሰካ ፍላሽ ካለ ይነቀል። የቀኑ አቈጣጠር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ ደግሞ፥ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ ዋጋዋም ጥቂት ነው። ባትሪዋ ሳትለወጥ ቢሠራ ግን ደረሰኙ ሁሉ በተሳሳተ ቀን ይወጣል፤ የባንክ ገጾችም አንከፈትም ሊሉ ይችላሉ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እየደጋገመ ካሰማ ወዲያው ይጥፋ፤ በተነሣ ቍጥር ጉዳቱ ይብሳልና።

አራተኛ፤ ዊንዶውስ ጀምሮ የሚቆም ከሆነ፥ የጥገናው ገጽ ሲመጣ ሴፍ ሞድ የሚባለው ይሞከር። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የብዙ ዓመት ሒሳብ ግን ተሰርዞ ይቀራል። ስለዚህ ባለመደብሩ ኮምፒዩተሩን ሲያስረክብ፥ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ሳይገለበጥ ምንም እንዳይሰረዝ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ መዝገቡ በውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ተነቅሎ ከመደብሩ ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ ቅጂ ሳይኖረው የጠፋ መዝገብ ግን ከየትም ገበያ አይገዛም።